ሦስተኛ እጅ

በዚህ አገር መኪና፣ በእጅ ነው ሚቆጠር፤
አንደኛ፣ ሁለተኛ፣ እንደ ዘር ሐረግ ሲዘረዘር።
ለእኔ የደረሰኝ፣ ሦስተኛው እጅ ነበር።

ከቂርያት ጋት ወጣ ብሎ፣ ከፋብሪካዎቹ ማዶ፣
ባንዲራ የከበበው ግቢ፣ ፀሐይ አስፋልቱን አንድዶ፣
መኪኖቹ ታጥበው ቆመዋል፣ ለሽምግልና እንደ መጣ ዘመድ፣
ግንባራቸው ላይ ዋጋ ተለጥፎ፣ ሆዳቸው በሐሩር ሲነድ።

ሻጩ ኒሲም ይባላል፤ በእኛ ቋንቋ ተአምራት።
ወንበር ሳበልኝ፣ ውሃ ቀዳልኝ፣ አየኝ እንደ እናት።
‹‹ጂፖን ናት›› አለ። የጂፕ ግልገል መሆኗ ነው፣
ለጂፕነት አንሳ፣ ለመኪናነት ኮርታ የቆመችው፤
ከመሬት ስንዝር ከፍ ያለች፣ ቀለሟ የዝናብ ደመና፣
ሰማንያ ሰባት ሺህ ኪሎ ሜትር የሄደች፣ እኔ ሳልነካት ገና።

‹‹እጄ አጭር ነው›› አልኩት።
ልጄ ኤፍራት ቃል በቃል ተረጎመችው፤
ሰውየው ጎንበስ ብሎ፣ በረኪና የላጠው እጄን አየው።
ርዝመቱ ደህና ነው መሰለኝ፣ ፈገግ አለ፦
‹‹ስልሳ ወር እንከፍለዋለን፣ በወር በወር፣ ትንሽ በትንሽ፣
አንድ ቀን ዞር ስትይ፣ ሳይታወቅሽ ጨርሰሻል፣ አለቀልሽ።››

አለቀልሽ!
በጣቴ ስልሳውን ስቆጥር፣ ኤፍራት ከወታደር ቤት ትመለሳለች፣
ኢታማር ጢም ያወጣል፣
ሐኪሙ ጉልበቴን ይቀይረዋል፣ ወይ ጉልበቴ እኔን ይቀይረኛል፤
ጂፖኗ ግን ያን ጊዜም ግማሿ የባንክ ናት።

አባቴ አብሮን መጥቷል። ጎማውን በከዘራው መታ መታ አድርጎ፣
‹‹ባለቤቷ ለምን ጠላት?›› አለ፣ ዓይኑን ጠበብ አድርጎ።
‹‹ሰፋ ያለች ፈልገው ነው።››
‹‹ወለዱስ? ከወንድምህ አትብላ አይልም ወይ ኦሪት?››
ኤፍራት አልተረጎመችም፤ ራሷ መለሰችለት፦
‹‹አባባ፣ ባንክ ወንድም የለውም።››
ሽማግሌው ዝም አለ። ቆይቶ ለብቻው አጉተመተመ፦
‹‹መኪናዋ መካን፣ ወረቀቷ ወላድ፤
ሰንበት እሷ ስታርፍ፣ እሱ ሌሊቱን ሲወልድ።››

አሥራ አንድ ቦታ ፈረምኩ። በኡልፓን የለመድኳትን ስሜን፣
ከቀኝ ወደ ግራ፣ ምላሴን ነክሼ፣ ትርንጎን ትርንጎን።
በጦር ሜዳ እጅ የሚሰጥ ሰው፣ ሁለቱንም ወደ ላይ ያነሣል፤
እኔ አንዷን ወደ ወረቀቱ ዝቅ አደረግሁ።
ለካ እንዲህም ይሰጣል።

መንጃ ፈቃዴን ያገኘሁት በአራተኛው ፈተና ነው፤
ቀስ እያልኩ ነዳሁ፣ ከኋላ ያለው ሁሉ ጡሩምባውን እየነፋው።
ማታ ከሕንጻው ሥር፣ ከቆሻሻ ገንዳው ጥግ አቆምኳት፣
ልጆቹ ተራ በተራ ገብተው ወጡ፣ ጎረቤት ‹‹መባረክ ነው›› አለ፣ መረቃት።
ሁሉም ሲሄድ ብቻዬን ቀረሁ።
ከመሪው ማዶ ያለውን ኪስ ብከፍት፣
በላስቲክ የታሰረ ወረቀት።
ሃያ ሦስት ነው፤ የመኪና ማቆሚያ፣ የአንድ ሆስፒታል፣
ሁሉም ማክሰኞ፣ ሁሉም ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ይላል።
የመጨረሻው ግን ሐሙስ ነው።
ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት።
ከዚያ ወዲያ ወረቀት የለም።

ሰፋ ያለች ፈልገው ነው፣ ብሎ ነበር ተአምራት።

መብራቱን አበራሁና መሪውን አየሁት፣
ቆዳው ተልጧል፣ በመዳፍ ላብ አልቋል፣ በዳበስኩት፤
ግን በግራ በኩል ብቻ።
ቀኙ አዲስ ነው፣ ጭረት የለበትም።
ያ ሰው ባንድ እጁ ነድቷል ማለት ነው፣ ያን ሁሉ ማክሰኞ፤
ሌላኛው እጁ እዚህ፣ ባዶው ወንበር ላይ፣
ሌላ እጅ ይዞ።

ወረቀቶቹን አልጣልኩም። ላስቲኩን መልሼ አሰርኩ፣
ኪሱን ዘጋሁት፣ ግራ እጄን ከተላጠው ላይ አሳረፍኩ፤
ልክ ነው። አላጠረም።

የመጀመሪያው ክፍያ፣ በወሩ በአሥረኛው ቀን ነው።